የራንዲ ካንጋስ ቃልና የበረዶ ጎጆው በር

ኦርቪል ሃግን በዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቁ ወለል ላይ በደም ተነክሮ ያገኘችው ልጁ ጆአን ናት። ጥር ነበር። ታማራክ ሐይቅ መኪና የሚሸከም በረዶ ሠርቶ፣ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ የእንጨት ጎጆውን ጎትቶ በረዶው ላይ አቁሟል። ኦርቪል ሱቁን ከፍቶ ሲገባ ከኋላው በብረት ተመታ፤ የመታውን አላየም። የተሰረቀበት ቀይ ጄኔሬተሩ ነበር። እጀታው ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ስለሆነ በአካባቢው የማያውቀው የለም።

በማግስቱ ኦርቪል ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ምክትል ሸሪፍ ራንዲ ካንጋስ በበረዶው ላይ በተጠረገው መንገድ ሲያልፍ የዴል ራመርት ጎጆ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ውስጡ ቀዩ ጄኔሬተር ተቀምጦ አየ። ቢያንስ አየሁ ብሎ ምሏል። ገብቶ ዕቃውን ያዘ፣ ዴልንም አሰረው።

መጋቢት ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ራንዲ ቃሉን ሰጥቶ ከፍርድ ቤቱ ከወጣ በኋላ የዴል ጠበቃ አንድ ፎቶ አቀረበ። ዴል በታሰረ ሰሞን የተነሳ ነው። የጎጆው በር የሚያየው ወደ መንገዱ ሳይሆን በተቃራኒው፣ ወደ ሐይቁ መሐል ነው፤ ከመንገዱ በኩል ያለው ቀዳዳ እንኳ የሌለው ግድግዳ ነው። ዳኛው መኮንኑ አየሁ ያለውን ሊያይ አይችልም ብለው ወሰኑ። ማስረጃው ወደቀ፣ ክሱ ተቋረጠ፣ ዴል ወደ ቤቱ ሄደ። ራንዲ ደግሞ አቃቤ ሕጓ ዘንድ ባለው ዝርዝር ውስጥ ገባ።

ዝርዝሩ በፍርድ ቤት ቃላቸው አይታመንም የተባሉ ፖሊሶች ስም የሚሰፍርበት ነው። መኖሩን አልቃወምም። ውሸታም ፖሊስ ንጹሕ ሰው ወህኒ ያስገባል፤ እኔም በሥራ ዘመኔ ስማቸው እዚያ ቢሰፍር ደስ የሚለኝ ባልደረቦች ነበሩኝ። ነገር ግን አንዴ የገባበት ሰው ምስክር መሆን አይችልም፣ ምስክር መሆን የማይችል ፖሊስ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። በዚያ ላይ የሚገባው ሰው ለምን እንደገባ አይነገረውም ነበር።

በዚያው ዓመት ከወራት በኋላ የወጣው ሕግ ይህን ቀየረው። ስሙ የገባ ፖሊስ ምክንያቱ ይነገረው፣ የተያዘበትን ማስረጃ ይይ፣ መልሱን ይስጥ፣ ከውጭ የመጣ መርማሪም ነገሩን ያጣራ አለ። ከውጭ የመጣሁት እኔ ነኝ። ማርሊስ ትቬት እባላለሁ፤ በአጎራባቹ የካውንቲ አስተዳደር መርማሪ ሆኜ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤት ተቀምጬ ከድመቴ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቶኝ ስለነበር ሲደውሉልኝ እሺ ለማለት አልዘገየሁም።

አቃቤ ሕጓ ኮርትኒ ፕሬል ቀጭን፣ ንግግሯን የምትመጥን ሴት ናት። ፋይሉን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለችኝ፤ «ዋሽቷል ብዬ ነው የማምነው። ሕጉ ስላዘዘ ነው የጠራሁዎት።»

«እኔም ፎቶውን ካየሁ በኋላ እንደዚያው ነው የማስበው» አልኳት። «ስሙን ሲያስገቡ አነጋግረውት ነበር?»

«ያኔ ግዴታ አልነበረም።»

«ግዴታ መሆኑን አልጠየቅኩም።»

 «አላነጋገርኩትም» አለች። ይህን ሳታድበሰብስ በመናገሯ ወደድኳት።

ራንዲን ያገኘሁት በካውንቲው እስር ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሸሪፉ ሌላ የሚያሠራው ሥራ ስላጣ ለእስረኞች ምግብ እንዲያድል መድቦታል። ፀጉሩ ቀላ ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ጭልፋውን አስቀምጦ እጁን በሽርጡ ጠረገና ወንበር ሳበልኝ።

«ሸሪፉ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የታገሠኝ» አለ። «ስሜ ካልወጣ አሰናብትሃለሁ ብሎኛል። አልፈርድበትም። ምስክር የማይሆን ፖሊስ ምን ያደርግለታል?»

«መኪናህ ላይ ካሜራ የለም?»

«አለ። ብርዱ ባትሪውን ገደለው። እኛ አገር ጥር ላይ ያልሞተ ካሜራ ካዩ ይንገሩኝ።»

ካሜራው ሞተ የሚል ፖሊስ በዘመኔ ብዙ ሰምቻለሁ። አንገቴን ነቅንቄ ፎቶውን ከፋይሉ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ።

አነሳው። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አየው። ከዚያ ፊቱ ላይ ያነበብኩት ነገር ፍርሃት አልነበረም።

«ይህ የዴል ጎጆ ነው?»

«የማን መሰለህ?»

«በሩ ዞሯል።»

«ፎቶውን ከዚህ በፊት አላየኸውም?»

«ማን አሳየኝ?» አለ ቀስ ብሎ። «አቃቤ ሕጓ ዘንድ ሄድኩ፣ ጸሐፊዋ መለሰችኝ። ዋሽተሃል ተባልኩ እንጂ በምኑ እንደዋሸሁ የነገረኝ የለም። እኔ እኮ የጄኔሬተሩ ቀለም ይመስለኝ ነበር። ወራቱን ሙሉ ተኝቼ ቀይ ነው ወይስ ብርቱካናማ እያልኩ ሳስብ ከረምኩ። ሚስቴ ሌላ አልጋ ግዛልኝ አለችኝ።»

«እና በሩ እንዴት ዞረ ትላለህ?»

«ንፋስ ሲቀየር ሰው ያዞረዋል። በር ወደ ንፋስ ካየ በረዶ ይከመርበታል፣ ጎጆው ከሐይቁ ጋር ይጣበቃል፤ ፀደይ ሲመጣ ይሰምጣል። ባለቤቱ ከሌለ ያየ ሰው ያዞርለታል።»

«ማን?»

«ያ አይነገርም» አለ አፍሮ። «ያዞረው አይናገርም፣ የዞረለትም አይጠይቅም። እንደዚያ ነው ልማዱ።»

እኔ ከስንዴ አገር ነኝ፤ እኛ ዘንድ ሐይቅ የለም፣ የተደረገ ውለታም እስከ ልጅ ልጅ ይነገራል። ስለዚህ ወሬው ጥሩ ተረት መሰለኝ። ያዞረው የማይታወቅ፣ የሚመሰክር የሌለበት፣ ለተከሳሽ የሚመች ተረት። ማስታወሻዬን ዘግቼ ተነሳሁ።

«አላመኑኝም» አለ።

«አላመንኩህም። ግን አጣራለሁ።»

ከዚያ ወደ ኦርቪል ሱቅ ሄድኩ። ኦርቪል ሰባዎቹን የተሻገረ፣ ቅንድቡ ዓይኑን የሚጋርድ ሽማግሌ ነው። በወጣትነታችን ኳስ አንከባሎ እንጨት በሚጣልበት የቦውሊንግ ውድድር ለየካውንቲያችን ቡድን ተሰልፈን ስለተፋለምን ይንቀኛል፣ እኔም እንቀዋለሁ።

«ማርሊስ ትቬት» አለ ከባንኮኒው ጀርባ። «አሁንም ኳስሽ ወደ ግራ ይሄዳል?»

«አሁንም አፍህ አያርፍም? ስለ ራንዲ ካንጋስ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ሳቁ ጠፋ። «ስሙን አትጥሪብኝ። የመታኝን ሰው በእጁ ይዞት፣ በውሸቱ አስለቀቀው። እሱ እዚህ የማጥመጃ ትል ሊገዛ ሲመጣ አልሸጥም ብዬ መልሼዋለሁ።»

«በዚያ ሳምንት የዴልን ጎጆ የነካ ሰው አይተሃል?»

«እንዴት አያለሁ? መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ አልጋ። ጆአን የፒካፑን ቁልፍ ወስዳ ጡት መያዣዋ ውስጥ ደበቀችው።»

«አባባ» አለች ጆአን ከጓሮ በኩል፤ «ቦርሳዬ ውስጥ ነው የደበቅኩት። ጭንቅላቱ ተሰፍቶ ሳለ በረዶ ላይ እወጣለሁ ሲለኝ ምን ላድርግ?» ወደ እኔ ዞራ፣ «አልጋ ላይ ነበር፤ እኔ እመሰክራለሁ» አለች።

ከልጅ የበለጠ ምስክር የለምና አመስግኜ ወጣሁ።

ጎጆው የዞረ ከሆነ ከማዞሩ የሚጠቀም ዴል ነው፤ ዴል ግን ያኔ ታስሯል። ለእሱ ያለችው እህቱ ቲና ናት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ነች። ቲናን በመኪና ማቆሚያው ሲጋራ ስታጨስ አገኘኋት።

«ጎጆውን አንቺ ነሽ ያዞርሽው?» አልኳት፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልወድም።

በጣቷ ትንሽ ነጭ መኪናዋን አሳየችኝ። «በዚህ? ይቺ እኮ እኔን ራሴን ዳገት ስታወጣ ታለቅሳለች። ደግሞ ያን ሰሞን የበረዶ ማዕበል መንገድ ዘግቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ እዚሁ ነው ያደረው። ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ፣ ካርታ ስጫወት ሲያሸንፉኝ ነበር የከረሙት።»

«ማዕበሉ ከየት በኩል ነበር?»

«ከምሥራቅ። ያን ጊዜ ሁሉም የተገረመው ለዚያ ነው፤ እኛ ዘንድ ንፋስ ከምዕራብ ነው የሚመጣው።»

ሽማግሌዎቹን ጠየቅኩ፤ እውነት ነው፣ አሸንፈዋታል። ቲና ከጉዳዩ ወጣች። የምሥራቁ ንፋስ ግን አብሮኝ ወደ ዴል ቤት ሄደ። የበረዶው መንገድ የሚያልፈው ከጎጆው በስተምሥራቅ ነው። ራንዲ በሩን አየሁ ባለበት ቀን በሩ ወደ ምሥራቅ ቢያይ የተለመደ ነገር ነው፤ ማዕበሉ ሲመጣ ግን ያ በር ንፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል።

ዴል ራመርት ግቢው ውስጥ ወንበር ዘርግቶ ቢራ ይጠጣ ነበር። ጎጆው ከኋላው ሣር ላይ ቆሟል።

«እናቴ፣ ጡረታሽን ይዘሽ ቤትሽ አትቀመጪም?» አለኝ።

«ቤቴ ውስጥ እንዳንተ ያለ መልከ መልካም የለማ። ጎጆህን ልይ?»

«እዪ። ዳኛው ፈርዷል፤ ማስረጃሽን ይዘሽ ልትሄጂ አትችይም።»

«በርህ ወደ የት ነበር የሚያየው?»

«ፎቶው ወዳሳየበት» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ፤ ያን ጊዜ ነው ራንዲን መጀመሪያ የተጠራጠርኩት። ሐሰተኛ መሆኑን ሳይሆን እውነተኛ መሆኑን ማለቴ ነው።

ወደ ጎጆው ገባሁ። የወለሉ ጣውላ ላይ ዓሣ የሚጠመድባቸው ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ከወለሉ ቀዳዳ ሥር በረዶው ይሰረሰራል፣ ክሩም በዚያ ይወርዳል። ቀዳዳዎቹ ሁሉ በአንድ ግድግዳ ጥግ ተደርድረዋል። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ፎቶውን በአጉሊ መነጽር አየሁት። ከጎጆው ውጭ፣ ከግድግዳው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፣ በረዶው ላይ ደብዘዝ ያሉ ክቦች በመስመር ተደርድረዋል። የተሰረሰረ ጉድጓድ እንደገና ሲረጋ እንደዚያ ነው የሚመስለው። ጎጆው ባይንቀሳቀስ ኖሮ እነዚያ ክቦች ከወለሉ ሥር ነው መሆን ያለባቸው። አንድ ሰው አንዱን ጫፍ ይዞ ሲያዞረው ከበፊቱ ቦታው ሸርተት ብሏል።

ራንዲን የጣለው ፎቶ ራሱ ጎጆው መዞሩን ይናገር ነበር። ፍርድ ቤት ውስጥ የነበሩት ሁሉ አይተውታል፤ ምን እንደሚያዩ ሊነግራቸው የሚችለው ሰው ግን ደጅ ነበር። ልቤ ተቃጠለ።

ወደ ፕሬል ሮጥኩ። በአጉሊ መነጽሩ ረዥም ጊዜ አየችው።

«እሺ፣ ዞሯል» አለች። «መቼ? ካንጋስ ከማየቱ በፊት ዞሮ ከሆነ አሁንም ውሸታም ነው። ያዞረውን ሰው ያምጡልኝ።»

ትክክል ናት። ያናደደኝም ትክክል መሆኗ ነው።

ወሩ እየተገባደደ ነበር። የሐይቁን ሰው በየበሩ አንኳኳሁ። ልማዱን ያላረጋገጠልኝ የለም፤ ሁሉም ይዞራል አለ፣ ሁሉም እኔ አይደለሁም አለ። አንዱ የእሱን ጎጆ ማን እንዳዞረለት ስጠይቀው እናቱን የሰደብኩ ያህል ፊቱን አጠቆረብኝ። ራንዲ እንዳለው ነው። ባዶ እጄን፣ ተርቤ ኦርቪል ሱቅ ገባሁ። ጆአን የዱር ሩዝ ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን አቀረበችልኝ።

ድካሜ ከባድ ስለነበር ክንዴን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ተደገፍኩ። ባንኮኒው ከሜፕል እንጨት የተሠራ፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ነው። ከሳህኔ አጠገብ ጠቆር ያለ ትንሽ ቀስት እንጨቱ ውስጥ ተሰክቷል። ጎኑ ሌላ አለ። የቦውሊንግ ሜዳ ቀስቶች ናቸው፤ ተጫዋች ኳሱን የሚያነጣጥርባቸው። የድሮው ቦውሊንግ ቤት ሲዘጋ ወለሉን ገዝቶ የነቀለው ኦርቪል ነው።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ፎቶውን አወጣሁ። ጎጆው ከበረዶው ጋር እንዳይጣበቅ ማዕዘኑ ሥር የገባ ጉማጅ እንጨት አለ። ስንት ጊዜ አይቼው አልፌዋለሁ። አሁን ጫፉ ላይ ያለችው ጠቆር ያለች ነገር ቆሻሻ አልነበረችም፤ ያችው ቀስት ነበረች።

«ኦርቪል፣ ይህን ጉማጅ ለዴል ሸጠህለት ታውቃለህ?»

መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ጆሮው ቀላ። ወደ ጓሮው በር ሰረቅ አድርጎ አየ። «ቀስ በይ» አለኝ፤ «ጆአን ትሰማለች።»

«አልጋ ላይ ነበርክ አይደል?»

«የፒካፑን ቁልፍ ነው የወሰደችው። በበረዶ ላይ የሚነዳውን ሞተር ግን ረሳችው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ንፋሱ ዞሮ ከምሥራቅ መንፈስ ጀምሮ፣ ማዕበሉ ሊመጣ ሲል። እሷ ገበያ ስትሄድ ወጣሁ። ባለቤት የሌላቸውን ጎጆዎች አዞርኩ። የዴልም አንዱ ነበር።»

«የመታህን ሰው ጎጆ?»

«ጎጆው አልመታኝም» አለ ተቆጥቶ። «ሐይቅ ውስጥ ሲሰምጥስ ቆሜ ልይ? ደግሞ ይህ ከራንዲ ጋር ምን አገናኘው?»

ነገርኩት። በሩ ወደ የት ያይ እንደነበር፣ ራንዲ ምን እንዳለ፣ ፎቶው መቼ እንደተነሳ። ስናገር ፊቱ እየተለወጠ ሄደ። ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ ነኝ?» አለ። «ልጁን ይህን ሁሉ ጊዜ ውሸታም ያስባልኩት እኔ ነኝ? ትል አልሸጥልህም ያልኩት...» መነጽሩን አወለቀ። «ማርሊስ፣ የበር ነገር ነው ብሎ የነገረኝ የለም። ዋሸ ብቻ ነው ያሉኝ። አንድ ሰው ቢጠይቀኝ...»

«አሁን ጠየቅኩህ» አልኩት። እጁን ያዝኩት። «ራንዲ ጎጆውን ባየ ቀን አንተ የት ነበርክ?»

«ሆስፒታል። ሐኪሙ፣ ነርሶቹ፣ ሁሉም ያውቃሉ።»

ያ ነበር የሚያስፈልገኝ። ራንዲ በሩን ሲያይ ያዞረው ሰው ሆስፒታል ተኝቷል፤ እንግዲህ ጎጆው የዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ይህን ፕሬል ፊት ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ።» ወደ ጓሮው በር ተመለከተ። «ጆአንም ትምጣ። አንዴ ልገደል።»

ስብሰባው በካውንቲው ጽሕፈት ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ዳኛ የለም፣ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ። ራንዲ የታጠበ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ፕሬል ምክንያቱን ጮክ ብላ አነበበችለት፣ ፎቶውንም ሰጠችው። ከዚያ «አሁን እርስዎ ይናገሩ» አለችው። ያየውን ተናገረ፤ አንድም ቃል ከመጋቢቱ አልተለየም። እኔ ክቦቹን አሳየሁ። ኦርቪል ተነሳና ባርኔጣውን አውልቆ ሁሉንም ተናገረ፣ የበረዶ ሞተሩን ጭምር። ጆአን ዓይኗን አፍጥጣ አየችው፤ መኪና ውስጥ የሚጠብቀውን ሁላችንም አውቀናል።

ኦርቪል ወደ ራንዲ ዞረ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁብህ።»

«አላጠፉም» አለ ራንዲ። «እኔም ባልፍ ኖሮ አዞረው ነበር።»

ፕሬል ብዕሯን አስቀመጠች። «ስምዎ ከዛሬ ጀምሮ ከዝርዝሩ ወጥቷል» አለችው። «ለዳኛውም እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላነጋግርዎት ይገባ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ራንዲ ተነስቶ ጨበጣት። ደረጃውን ስንወርድ መሐል ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ በእኔ ዕድሜ ደረጃ ላይ መቀመጥ ቀላል ነው፣ መነሳቱ ነው ችግሩ። 

«ማርሊስ፣ እንዴት ብዬ ላመስግንዎት?»

«አታመስግነኝ። የዴልን ጎጆ እስካይ ድረስ ውሸታም ትመስለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የማመሰግንዎት» አለ። «የሚያምነኝማ ሞልቷል። እናቴ ታምነኛለች፣ ሚስቴ ታምነኛለች። የጎደለኝ የማያምነኝ ሰው መጥቶ እንዲጠይቀኝ ነበር።»

 በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው አስሬአለሁ፣ ብዙ ሰውም ረግሞኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም። አገሩንም፣ ሕጉንም፣ ያን ጭንቅላቱ የተሰፋ ሽማግሌም በልቤ አመሰገንኩ።

በሩ ከኋላችን ተከፈተ። ፕሬል ፋይል በብብቷ ይዛ ቆማለች። ፋይሉ ላይ የተጻፈው የዴል ራመርት ስም ነበር።

«ምክትል ሸሪፍ ካንጋስ» አለች፤ «ክሱን እንደገና ልከፍተው ነው። ሰኞ ይመችዎታል? ምስክር እፈልጋለሁ።»

ራንዲ ከደረጃው ተነሳ፣ ዩኒፎርሙን አስተካከለ።

«ይመቸኛል» አለ።